አርፈዋል ያልኩበት ክረምት

ይህ ደብተር የተክላይ ነው። አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለው በአቶ አጥናፉ የቆዳ መደብር ጸሐፊ ነኝ። ወድቆ ያገኘው ሰው ሳያነብ ይመልስልኝ፤ ካነበበም አንብቤዋለሁ አይበለኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 5 ቀን 1918 ዓ.ም.

አምሳ ስምንት ደቂቃ! ከአፍንጮ በር እስከ እንጦጦ ማርያም አጥር፣ በኪስ ሰዓቴ አምሳ ስምንት ደቂቃ። በቅሎ እንኳ በዚህ ጭቃ ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች አትወጣውም። እርግጥ አራት ቦታ ላይ ወርጄ ቢስክሌቱን ገፍቻለሁ፤ ይህን ግን ለወዳጄ ለሰላሀዲን አልነገርኩትም።

መንገዱን ያወጡት እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ናቸው። በባሕር ዛፉ መሐል የምትሄድ ቀጭን ቀይ ጥርጊያ ናት፤ ታች ኮረት ነው፣ መካከል ላይ የዛፍ ሥር፣ ከዚያ በላይ እርጥብ ቅጠል። ኮረቱ ጎማ ይይዛል፤ የሚጥለው ቅጠሉ ነው። ሲወርዱ ዋናው ነገር ፍሬኑን አለመጨበጥ ነው። ነካ፣ ለቀቅ፣ ነካ፣ ለቀቅ። የጨበጠ ሰው ይወድቃል። ይህን ያስተማረኝ አስመራ የሰበርኩት ጥርሴ ነው።

ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ በላይ የእትዬ ጥሩነሽ ቤት አለ። ባለቤታቸው አቶ ወልደጊዮርጊስ የመደብራችን ነጋዴ ናቸው፤ ከግንቦት ጀምሮ ቆዳ ሊገዙ ወሎ ወርደዋል። እትዬ ሁለት ልጅ ቀብረዋል፣ ከባላቸው በቀር ማንም የላቸውም። የጎማዬን ድምፅ ሲሰሙ ውኃ በጣሳ ይዘው ይወጣሉ። ዛሬም «ወሬ አለ?» አሉኝ። የለም አልኳቸው። «ይሄ ብረት በቅሎህ ገብስ አይበላ፣ ምን አጥግቦት ነው እንዲህ የሚጋልበው?» ብለው ሳቁብኝ። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ሁለት ጣሳ ጠጣሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 11

አቶ አጥናፉ ደብዳቤዬን ደንበኛ ፊት ጮክ ብለው አነበቡት። «ነጋዴው ወደ ሐረር ከዳ» ብዬ ጽፌያለሁ። በእኛ በትግርኛ ከደ ማለት ሄደ ነው፤ እጄ አመለጠኝ። «ምን በድለነው ነው የከዳን?» ብለው ሳቁ። ደንበኞቹም ሳቁ። ጎረቤታችን ሰላሀዲን የስፌት መኪና ከሚጠግንባት ክፍሉ ወጥቶ ሳቀ። ሰላሀዲን የወሎ ሰው ነው፣ ቢስክሌቴንም የሚያድስልኝ እሱ ነው፣ ወዳጄ ነው። ቢሆንም ሳቀ።

ስድስት ዓመት አዲስ አበባ ኖሬ! ከእንግዲህ የአማርኛ ቃል ማንንም አልጠይቅም። ብሞት አልጠይቅም።

የፊት ፍሬን አዲስ ጎማ ገባለት። የኋላው ገና ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 21

ስልክ ቤት። ደሴ። አቶ ወልደጊዮርጊስ። አምላኬ። ነገ እጽፈዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 22

አልተኛሁም። እንደ ሆነው አድርጌ ልጻፈው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከደሴ በስልክ ትፈለጋላችሁ ተባልን። አቶ አጥናፉ ጉምሩክ ስለ ነበሩ እኔ ሄድኩ። የሚናገረው ሙሄ ነው፤ የአቶ ወልደጊዮርጊስ የጭነት አለቃ። መስመሩ ይንጫጫል። የሰማሁትን በእርሳስ ያዝኩ፦ «አቶ ወልደጊዮርጊስን አሟቸው ነበር… ንዳድ… አሁን አርፈዋል… ለወይዘሮ ጥሩነሽ ንገሩልኝ…» ከዚያ ተቋረጠ። ብጮህም ብጠብቅም ተመልሶ አልመጣም።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ለአቶ አጥናፉ መንገር ነበረብኝ። እሳቸው ዘመድ፣ ጎረቤትና የንስሐ አባት ይሰበስባሉ፣ ሴትዮዋ ምንም ሳያውቁ ያድራሉ፣ ሊነጋጋ ሲል ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጃቸው ይቆማል። ሥርዓቱ ይህ ነው። እኔ ግን የንስሐ አባታቸውን መምሬ መድኃኔን ቶሎ ልጥራ ብዬ አሰብኩ፤ እንጦጦ ማርያም ናቸው፣ ከእኔ በቀር ሳይመሽ የሚደርስ የለም። ዝናቡ አባርቶ ኮረቱ ጠንክሮ ነበር። ለመንዳት ጥሩ ቀን ነው ብዬም አስቤያለሁ። በዚያ ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይታሰባል?

ከጠመዝማዛው በላይ እትዬ ጥሩነሽ ደጃቸውን ይጠርጋሉ። ጎንበስ ብዬ ላልፍ ነበር።

«ተክላይ! ያለ ቀንህ? ከደሴ ወሬ መጣ እንዴ?»

ፍሬኑን ጨበጥኩ። ለምን እንደ ጨበጥኩት አላውቅም።

«መጥቷል።»

«እሺ፣ እና?»

«አሟቸው ነበር እትዬ። አሁን… አርፈዋል።»

ሳቁ! «እሰይ! ይረፉ እንጂ! በክረምት አይንከራተቱ ብዬ ስንቴ ለምኛቸዋለሁ» አሉና ውኃ ሊያመጡልኝ ዞሩ። አልገባቸውም፣ ምስኪን። ጣሳውን ሲያነሱ አያለሁ። እንዴት ዝም ልበል? «አይደለም እትዬ፤ አርፈዋል እኮ ነው የምልዎት» አልኩና እንባዬ መጣ። ዞረው ፊቴን አዩ። ከዚያ የጮኹት ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነው። እንጨት ተሸካሚዎቹ ሸክማቸውን ጥለው ከላይ እየሮጡ ወረዱ።

አቶ አጥናፉ ማታ ጠሩኝ። «መርዶ በቢስክሌት ይነገራል?» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ሰኔ 24

ከለቅሶ ቤት ስመለስ ሰላሀዲን አስቆመኝ።

«ሙሄ ራሱ ነው አርፈዋል ያለው?»

«ራሱ።»

«እንጃ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ሞተ ነው፣ ወይ ወደ አኼራ ሄደ። አርፈዋል የምትሉት እናንተ ናችሁ። ሙሄ ደግሞ የሼህ ልጅ ነው።»

«ለክርስቲያን በክርስቲያን ቃል ተናግሮ ይሆናላ!» አልኩት።

«ይሆናል» አለና ወደ ሥራው ዞረ። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ «እስቲ ስልክ ቤት ሄደህ ጠይቀው ተክላይ፤ መጠየቅ ምን አለው?» አለኝ።

ሙሄን ምን ብዬ ልጠይቀው? አርፈዋል ማለት ምን ማለት ነው ብዬ? አራዳ ሙሉ ይስማና ይሳቅ? ሰላሀዲን ሰው ማስተማር ይወዳል። ነገ እሄዳለሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 27

አልሄድኩም። ሥራ በዛ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 3

ስልክ ቤት ሄድኩ። የደሴ መስመር በዝናቡ ምሰሶው ወድቆ ተበጥሷል፤ ወንዙ ሳይጎድል ጠጋኝ አይሄድም አሉ። እንዴት ቅልል አለኝ! ቅልል ማለቱ ራሱ አስደነገጠኝ።

አቶ ወልደጊዮርጊስ የት ቤተ ክርስቲያን እንደ ተቀበሩ የሚጠይቅ ደብዳቤ አቶ አጥናፉ አስጽፈውኝ በእግረኛ መልእክተኛ ወደ ደሴ ላኩ። በዚህ ክረምት ደርሶ ለመመለስ ሁለት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ሳሽገው ሰሙን ሁለት ጊዜ አፈሰስኩት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 29

ነገ አርባቸው ነው፤ ዓርብ ስለ ዋለ ተዝካሩ ዛሬ ወጣ። እትዬ ፀጉራቸውን ተላጭተዋል፣ ግንባራቸው ቆስሏል። እኔ እንሥራ ሳቀብል ጠሩኝና እጄን ያዙ። «ደብቀኸኝ አላለፍክም፤ እግዜር ይስጥህ። ባትነግረኝ ኖሮ እኮ ስንት ቀን በከንቱ ስስቅ እኖር ነበር» አሉ። አመሰገኑኝ! እኔን!

ቁልቁለቱን ስወርድ ፍሬኑን ጨብጬ ወረድኩ፤ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ።

እሑድ፣ ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታ። መምሬ መድኃኔ ለአቶ አጥናፉ ሲነግሯቸው ሰማሁ፤ እትዬ ጥሩነሽ በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ፣ በተክለ ሃይማኖት ዕለት ይመነኩሳሉ። ቤቱን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተው እዚያው እንጦጦ ጎጆ ይገባሉ።

ለሚመነኩስ ሰው የሙታን ፍትሐት ይደርስለታል። በሕይወቱ ሳለ እንደ ሬሳ ያጋድሙትና፣ ቆቡን ጭኖ ሲነሣ ለዓለም የሞተ ነው። ባል የለ፣ ሚስት የለ፣ ስሙ እንኳ ይለወጣል። መመለስ የሚባል ነገር የለም።

«ለሴትዮዋ ይሻላቸዋል» አሉ አቶ አጥናፉ። እኔም ይሻላቸዋል አልኩ። ማንም ግን አልጠየቀኝም ነበር።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 22

እግረኛው ገባ። ደብዳቤውን ሰጥቶኝ ለዘመን መለወጫ ወደ አገሩ ሄደ። አቶ አጥናፉ ሆለታ ናቸው፣ ማክሰኞ ይመለሳሉ። ከፈትኩት።

በራሳቸው እጅ ነው። በራሳቸው እጅ!

«እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሙሄ በስልክ እንደ ነገራችሁ ንዳዱ ለቆኛል፤ ወንዙ ስለ ሞላ ክረምቱን እዚሁ ደሴ አርፌያለሁ። የት ተቀበሩ ብላችሁ የጻፋችሁት ግን ስለ ማን እንደ ሆነ አልገባኝም። ጥሩነሽ እንዳትሰጋ ንገሩልኝ።»

አርፌያለሁ። አርፌያለሁ። አርፌያለሁ።

እትዬ ገብቷቸው ነበር። እሰይ ይረፉ ብለው የሳቁት ገብቷቸው ነው። ቃሉን በትክክል የሰሙት እሳቸው ነበሩ። አይደለም ብዬ ያረምኳቸው እኔ ነኝ። እኔ!

እሑድ፣ ነሐሴ 23

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ ዝናብ።

የኋላው ፍሬን አይዝም። ሰላሀዲን በጎማ ቁራጭ አሰረልኝ። «ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል» አለኝ። ምንም አልኩት።

በእግሬ አሁን ብነሣ ከመጨለሙ በፊት እደርሳለሁ። ግን ምን ብዬ ነው የምጀምረው? በየትኛው ቃል? ሥርዓቱ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ማልጄ ብነሣ በአምሳ ስምንት ደቂቃ እዚያ ነኝ። በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቢሆን ዛሬ መነሣት ነበረበት፤ እኔ ግን ቢስክሌት አለኝ።

ሌሊቱን ካባራ ኮረቱ ይጠነክራል።

ሰኞ፣ ነሐሴ 24፣ ተክለ ሃይማኖት

ዘገየሁ። ትልቅ ባሕር ዛፍ ወድቆ ጥርጊያዋን ዘግቷታል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ጎርፍ ኮረቱን ጠርጎ ወስዶታል። ቢስክሌቱን ተሸክሜ በጭቃ ተንፏቀቅሁ። የጎማው ካላማዳሪ ፈነዳ። አንድ ሰዓት ከአምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ። ስደርስ አልቋል። እማሆይ ሆነዋል። ካለቀ በኋላ ደብዳቤው ምን ይጠቅማል? ለማንም አልሰጠሁም።

የሰው ኃይል የሚችለውን አድርጌያለሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 26

አቶ አጥናፉ «እግረኛው አልተመለሰም?» አሉ።

«ገና ነው» አልኩ።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 3

ዛሬ ሩፋኤል ነው፤ ሰው ሁሉ በዝናቡ ሊታጠብ ወጥቷል። እኔ ቤቴን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። በተክለ ሃይማኖት ዕለት የጻፍኩትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልቀደው አስቤ ነበር፤ ይልቅ እውነቱን ከሥሩ ልጻፍ።

ዛፉ ወድቋል፣ ካላማዳሪውም ፈንድቷል፣ ይህ ውሸት አይደለም። ስደርስ ግን አላለቀም ነበር።

እትዬ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን መሬት ላይ ተጋድመው በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነዋል። የእግራቸው ጣቶች ወጥተው ይታዩኛል። መምሬ መድኃኔ ፍትሐቱን ያነባሉ፣ ካህናቱ ይቀበላሉ፣ ቆቡ በመሶብ ወርቅ ላይ ተቀምጧል። እኔ ከአጥሩ በር ውስጥ፣ ቢስክሌቱን ትከሻዬ ላይ እንዳደረግሁ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ቆሜያለሁ። አንድ ዲያቆን ዞሮ አየኝ። ምን ፈለግህ የሚል መሰለኝ። አፌን ከፈትኩ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «በሕይወት አሉ» ብል ይበቃ ነበር።

ያን ጊዜ የታየኝ ምን እንደ ሆነ ልጻፍ፤ ደብተር ካልቻለው ማን ይችለዋል? መቼ አወቅህ ይሉኛል፣ ቅዳሜ እላለሁ። ምንድን ነው የሰማኸው ይሉኛል፣ አርፈዋል የሚል እላለሁ። ሰውዬው አርፏል ቢሉት ሞቷል ብሎ አለቀሰ ይሉኛል። የአቶ አጥናፉ ደንበኞች ሳቅ ታየኝ። ሴትዮዋ በቁማቸው ሲቀበሩ በዓይኔ እያየሁ፣ እኔ የፈራሁት ሳቅ ነው።

ካህናቱ አሜን ሲሉ እኔም አሜን አልኩ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 1 ቀን 1919 ዓ.ም.

ሰላሀዲን ዓመት በዓላችንን ሊጠይቅ መጣ። ከተዘጋው በር ውጭ ብዙ ቆሞ ሄደ።

ረቡዕ፣ መስከረም 19

መጡ።

ከቀትር በፊት ነው። የበቅሎ ደወል ሰማሁ፣ ከዚያ ከወደ ጊዮርጊስ ጩኸት። አንዲት ሽሮ ሻጭ ቁናዋን ጥላ እየሮጠች አለፈች። አቶ ወልደጊዮርጊስ በቅሏቸው ላይ ሆነው፣ ከስተው፣ ጥርሳቸው እየታየ መደብሩ በር ላይ ቆሙ። ሙሄ ልጓሙን ይዟል። አቶ አጥናፉ ከወንበራቸው ተነሥተው አማተቡ፣ እንደ ገና ተቀመጡ።

«ምነው? ሞቷል ነው ያላችሁኝ?» ብለው ሳቁ አቶ ወልደጊዮርጊስ። «መንገድ ሙሉ ሰው ሲሸሸኝ መጣሁ!»

«እኔ አርፈዋል ነው ያልኩት እኮ!» አለ ሙሄ። ዓይኑ ከእኛ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። «አብሽሩ፣ ንዳዱ ለቋቸዋል፣ አርፈዋል ብዬ ነው የነገርኳችሁ! ማነው የሰማኝ?»

ሁሉም ወደ እኔ አየ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አንድም የሳቀ አልነበረም።

«በል ተክላይ» አሉኝ አቶ ወልደጊዮርጊስ፣ ፈገግታቸው ገና ሳይጠፋ፤ «አንተ በቢስክሌትህ ትቀድመኛለህ። ሂድና ለጥሩነሽ ምሥራች በላት። በድንገት ብታየኝ ትደነግጣለች።»

አቶ አጥናፉ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ተናገርኩ። ምን ብዬ እንደ ተናገርኩ በትክክል አላስታውስም፤ ቆብ ያልኩት ትዝ ይለኛል። ከበቅሏቸው ወረዱ፤ ወይም ወደቁ፤ ሙሄ በደረቱ ተቀበላቸው።

ወደ እንጦጦ በእግራቸው ወጡ፣ በቅሎ እምቢ አሉ። ማንም እንዳይከተለኝ ብለው ነበር፤ እኔ ቢስክሌቱን እየገፋሁ ከኋላ ተከተልኩ፣ አላባረሩኝም። ከጠመዝማዛው በላይ በራሳቸው ደጅ ሲያልፉ ቀና ብለው አላዩም።

የእማሆይ ጎጆ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ናት። መምሬ መድኃኔ በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

«ጥሩነሽ» ብለው ተጣሩ አቶ ወልደጊዮርጊስ። ዝም። «ጥሩነሽ! እኔ ነኝ።»

ውስጥ አንድ ዕቃ ወደቀ። የእማሆይ ድምፅ ሲመጣ ከበሩ ጀርባ ቅርብ ነበር፣ እንጨቱን ተደግፈው ይመስለኛል።

«ጥሩነሽ የሚሏት እዚህ የለችም። በተክለ ሃይማኖት ዕለት ፍትሐት ተደርሶላታል» አሉ። ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

አቶ ወልደጊዮርጊስ ጋቢያቸውን አዘቀዘቁና እንደ ለቀስተኛ መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔም ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ከዛፎቹ በታች እስክትወርድ ድረስ እዚያው ቆየን። ከዚያ በላይ ግን መሸከም አቃተኝ። ደብዳቤያቸውን ከኪሴ አውጥቼ እግራቸው ሥር አኖርኩ።

«ጌታዬ፣ ይህ ቀድሞ ደርሶኝ ነበር። ፍትሐቱ ሳያልቅ እዚህ ደርሻለሁ። ቆሜ አየሁ። አልተናገርኩም።»

ደብዳቤውን አነሡ፣ የራሳቸውን ጽሕፈት አዩት፣ አጠፉት። በዱላቸው ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመቱኝ እወድ ነበር። ወደ ጎጆዋ በር ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለእሷ ነግረሃታል?»

«አልነገርኳቸውም።»

«እንግዲያው አትንገራት» አሉ። «እግዜር ነው ያደረገው ብላ ትኑር።»